ጠይቁ፣ ልመልስ፦ አምፖሉ ገባ እንጂ መች ተቀመጠ

ለዚህ እትም የመረጥኳቸው ደብዳቤዎች በሙሉ ስለ እጅ ባትሪ ናቸው። ስለ ተራው አይደለም። የጻፉልኝ ሰዎች ትልቁን የብረት እጅ ባትሪ ፈታትተው፣ ፋብሪካው ያላሰበውን ኃይለኛ ባለክር አምፖል የሚገጥሙ ናቸው። እኔም ይህን ሥራ ስለምወደው ደብዳቤዎቹን በደስታ ነው ያነበብኳቸው።

አቤቱታው ይለያያል። የአንዱ ጨረር መሃሉ ጠቁሯል። የሌላው አምፖል ገና ሲበራ ሞቷል። የሌላው መቀመጫ ቀልጧል። ምክንያቱ ግን ተቀራራቢ ነው። አምፖል ቀዳዳው ውስጥ ስለገባ ብቻ ተገጠመ አይባልም። ክሩ፣ ማለትም ውስጡ የሚግለው ጥምዝምዝ የተንግስተን ሽቦ፣ ስንት ሚሊሜትር ከፍታ ላይ ዋለ? እግሮቹ በደንብ ተጨብጠዋል? አምፖሉ ጋ የሚደርሰው ቮልት ስንት ነው? አዲስ አምፖል ወይም አዲስ ድንጋይ ከመግዛታችሁ በፊት እነዚህን ብታዩ ብዙ ወጪ ይቀርላችኋል።

ጥያቄ፦ «ትልቅ የአሉሚኒየም እጅ ባትሪ አለኝ። የፕላስቲኩን አንጸባራቂ አውጥቼ የብረት አስገባሁ። የፊት መስታወቱንም ቀየርኩ። አምፖሉ ባለሁለት እግር ሃሎጅን ነው፤ በሴራሚክ ሶኬት ላይ ቆሟል። ብርሃኑ ኃይለኛ ነው። ነገር ግን ግድግዳ ላይ ሳበራው መሃሉ ጥቁር ክብ ይሆናል። ጭንቅላቱን ባዞረው ባዞረው ክቡ ይጠባል እንጂ አይጠፋም። አምፖሉ ይሆን የተበላሸው?»

መልስ፦ አምፖሉ ጤነኛ ነው። ችግሩ ከፍታው ነው።

አንጸባራቂው የተቀረጸው ለአንዲት ነጥብ ነው። ከዚያች ነጥብ የተነሳ ብርሃን ጎድጓዳው ላይ ነጥሮ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ይሄዳል። ክሩ ከነጥቧ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ጨረሩ ወደ ጎን ይከፈታል፣ መሃሉም ባዶ ይቀራል። በእጅ ባትሪ ላይ ነጥቧ ከአንጸባራቂው የታች ቀዳዳ ብዙም አትርቅም። ስለዚህ አንድ ሚሊሜትር እንኳ ጨረሩን ያበላሸዋል።

ፋብሪካው የሰጠዎት አምፖል አንገቱ ላይ ቀለበት ነበረው። ያ ቀለበት ለጌጥ አይደለም። ክሩን በተለካ ከፍታ ላይ የሚያስቀምጠው እሱ ነው። ባለሁለት እግሩ ሃሎጅን ግን ቀለበት የለውም። ከፍታውን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ እግሮቹ ሶኬቱ ውስጥ የገቡበት ጥልቀት እና ሶኬቱ የቆመበት ቦታ። ሁለቱንም የወሰኑት እርስዎ ነዎት።

መጀመሪያ ስህተቱ ወደ የት እንደሆነ ይወቁ። ከግድግዳ አምስት ሜትር ያህል ራቁ። ጭንቅላቱን ሙሉ በሙሉ አጥብቀው ይጀምሩና ቀስ እያሉ ይፍቱት። ጭንቅላቱ ሲጠብቅ አንጸባራቂው ወደ ታች ይወርዳል፤ አምፖሉም ወደ ጎድጓዳው ጠልቆ ይገባል። ጥቁሩ ክብ በጣም የሚጠበው ጭንቅላቱ እስከ መጨረሻው ሲጠብቅ ከሆነ አምፖሉ ዝቅ ብሏል ማለት ነው፤ ከፍ መደረግ ይፈልጋል። ክቡ በጣም የሚጠበው ጭንቅላቱ ሊወልቅ ሲል ከሆነ ደግሞ አምፖሉ ከልክ በላይ ከፍ ብሏል። መሃል ላይ ከጠበበ በኋላ በሁለቱም በኩል መልሶ የሚሰፋ ከሆነ ከፍታው ልክ ነው። ያኔ ክሩ ከመሃል ወደ ጎን ወጥቶ እንደሆነ ያጣሩ።

ሌላ በጣም የምወደው መንገድ አለ። መብራት አያስፈልገውም። ቀጭን እንጨት ወስደው ሶኬቱ ላይ በአምፖሉ ቦታ ያቁሙት። የአምፖሉን ክር ከፍታ በካሊፐር ይለኩና እንጨቱ ላይ በዚያው ከፍታ ጠበብ ያለ ቀይ ቀለበት ይቀቡ። አንጸባራቂውን ይግጠሙ። ከዚያ ሦስት አራት ሜትር ራቅ ብለው ፊት ለፊት በአንድ ዓይን ይመልከቱ። ቀዩ ነጥቧ ላይ ከሆነ ጎድጓዳው በሙሉ ቀይ ሆኖ ይታያል። ቀዩ ከጠርዙ ወይም ከመሃሉ ብቻ ከታየ አልደረሰም ወይም አልፏል። ይህን ያደረገ ሰው ነጥቧ የት እንዳለች በዓይኑ ያያል፤ ከዚያ በኋላ በግምት አይሠራም።

ክሩ ራሱ የት እንዳለ ለማየት ደግሞ አምፖሉን በአንድ ወይም በሁለት ድንጋይ ብቻ ያብሩት። ክሩ ደብዘዝ ብሎ ይቀላል፤ ዓይን አይጎዳም። መስታወቱን ሳይሆን ክሩን ይለኩ። የአምፖሉ ብርጭቆ ቀጥ ብሎ ክሩ የተጋደመ ብዙ አጋጥሞኛል።

አሁን ወደ ማስተካከሉ። አምፖሉ ዝቅ ካለ ከሶኬቱ ሥር ቀጭን ሮንዴላ ያስገቡ። አንዳንዱ ሰው አምፖሉን ከሶኬቱ ግማሽ መንገድ ስቦ ያቆመዋል። ይህን አያድርጉ። እግሩ በግማሽ ከተያዘ መገናኛው ይግላል፣ አምፖሉም ሲነቀነቅ ይወርዳል። አምፖሉ ከፍ ካለ ግን ወይ ሶኬቱን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ወይ ከአንጸባራቂው ሥር ቀለበት አስገብተው እሱን ያነሱታል፣ ወይ እግሮቹን ያሳጥራሉ። እግር ሲቆርጡ እግሩን ከብርጭቆው አጠገብ በቀጭን ፒንሳ ይያዙት፤ መቁረጫው ከፒንሳው ማዶ ይሁን። ያኔ የመቁረጡ ንዝረት ብርጭቆው ጋ አይደርስም። ግማሽ ሚሊሜትር ግማሽ ሚሊሜትር እየቀነሱ ይሞክሩ። የተቆረጠ አይመለስም።

አንድ ነገር ልጨምር። በአንዳንድ የእጅ ባትሪዎች የፋብሪካው አንጸባራቂ ጅራት ሰያፍ ጠርዝ አለው። ጭንቅላቱ ሲዞር ያ ጠርዝ የአምፖሉን መቀመጫ ይገፋል። የብረቱ ምትክ ብዙ ጊዜ ይህ ጠርዝ የለውም። ስለዚህ መቀመጫው የሚይዘው አጥቶ ከሥሩ ባለው ሞላ ላይ ይንሳፈፋል። መሣሪያውን ነቅነቅ ሲያደርጉት የጨረሩ ቅርጽ ከተቀየረ ምክንያቱ ይኸው ነው። መቀመጫው አንድ ቦታ ላይ ካልታሰረ ከላይ የነገርኩዎት ልኬት ሁሉ ከንቱ ነው።

ጥያቄ፦ «ጨረሩ ክብ አይደለም። እንደ እንቁላል ሞላላ ነው፤ ከጎንና ከጎኑ ክንፍ የመሰለ ብርሃን ይወጣዋል። አንጸባራቂው ተጣሞ ይሆን?»

መልስ፦ አምፖሉን ነቅለው 180 ዲግሪ ሳይሆን 90 ዲግሪ ማዞር ቢቻል ኖሮ ወዲያው ይታወቅ ነበር። ባለሁለት እግር ሶኬት ግን የሚፈቅደው ግማሽ ዙር ብቻ ነው። ስለዚህ ሶኬቱን ከነአምፖሉ ያዙሩት፤ ያ ካልተቻለ አንጸባራቂውን ብቻ ያዙሩት። ሞላላው ከአምፖሉ ጋር ከዞረ መነሻው ክሩ ነው። ከአንጸባራቂው ጋር ከዞረ አንጸባራቂው ነው።

እኔ ክሩን ነው የምጠረጥረው። የክሩ ጥምዝ በአግድም ከተዘረጋ ጨረሩ ወደ ሁለት ጎን ክንፍ ያወጣል። ጥምዙ ወደ ፊት ቀጥ ብሎ የቆመ አምፖል የተሻለ ክብ ይሰጣል። አምፖሉን መቀየር ካልፈለጉ ገጹ ለስላሳ ሳይሆን እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሸካራ የሆነ አንጸባራቂ ይፈልጉ። ርቀቱ ትንሽ ይቀንሳል፤ ክንፉ ግን ተበትኖ ከብርሃኑ ጋር ይዋሃዳል። በእኔ ምርጫ ለኃይለኛ አምፖል ሸካራው ይሻላል።

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እኔ ተማሪ ነኝ። ያገኘሁት አምፖል እግሮቹ ቀጭን ናቸው፤ ሶኬቱ ደግሞ ሰፋ ያለ ነው። እግሮቹን በፒንሳ ከፈት አድርጌ አስገባኋቸው። ይበራል፣ ግን ይርገበገባል። በጣቴ ሳስነካው ይጠፋል፣ እንደገና ይበራል። አሁን ደግሞ ብርጭቆው ሥር ትንሽ ስንጥቅ አየሁ። ሶኬቱን በሶልደር ላያይዘው?»

መልስ፦ አይ ልጄ፣ አታያይዘው። ይህን አምፖል ከእንግዲህ አታብራው። ሃሎጅን አምፖል ውስጡ ጋዝ በግፊት አለ። ሥሩ የተሰነጠቀ አምፖል ሲሞቅ ሊፈነዳ ይችላል።

የሆነውን ላስረዳህ። የእነዚህ አምፖሎች መለያ በፊደልና በቁጥር ነው። ጂ 4 ማለት የሁለቱ እግሮች መሃል ለመሃል ርቀት 4 ሚሊሜትር ነው። ጂዋይ 6.35 ከሆነ ርቀቱ 6.35 ሚሊሜትር ነው። ሰው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማል። የእግሩ ውፍረትም ግን ይለያያል። የጂ 4 እግር ከ0.65 እስከ 0.75 ሚሊሜትር ውፍረት አለው። የጂዋይ 6.35 እግር ከ1.2 እስከ 1.3 ነው። በመሃላቸው ደግሞ ያለ ዋይ የሚጻፈው ጂ 6.35 አለ። ርቀቱ ከጂዋይ ጋር እኩል ነው፤ እግሩ ግን 1 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። አየህ፣ አንድ ፊደል ብትዘል አምፖሉ ይገባል፣ ግን ይላላል።

እንደሚመስለኝ አንተ የጂ 4ን 0.7 ሚሊሜትር እግር ለጂዋይ 6.35፣ ማለትም ለ1.25 ሚሊሜትር በተሠራ ቀዳዳ ውስጥ ነው ያስገባኸው። ውስጥ ያለው መያዣ የሚነካው አንድ ጎኑን ብቻ ነው። ያ ጠባብ መነካኪያ ብዙ አምፔር ሲያልፍበት ይግላል። ሲግል መያዣው ጉልበቱን ያጣል፣ ይላላል። ሲላላ ደግሞ ይበልጥ ይግላል። መርገብገቡ ከዚህ ነው የመጣው።

ስንጥቁ ደግሞ እግሮቹን ስትከፍታቸው የመጣ ነው። እግሩ ወደ ብርጭቆው የሚገባበት ቦታ ጠፍጣፋ ነው። እዚያ ውስጥ በጣም ስስ የሞሊብዲነም ቅጠል አለ። ኤሌክትሪኩ ወደ ክሩ የሚያልፈው በእሱ ነው። እግሩን ከሥሩ ስታጣምመው ጫናው በሙሉ እዚያ ያርፋል። ሞሊብዲነሙ አየር ካገኘና ከ350 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሞቀ ይዝጋል፣ ያብጣል፣ ብርጭቆውን ይሰነጥቃል። ስለዚህ የላላ ሶኬት በሙቀት፣ የተጣመመ እግር በጫና፣ ሁለቱም አንድ ቦታ ነው የሚጎዱት።

ለጂ 4 አምፖል የጂ 4 ሶኬት አግኝ። ከሴራሚክ የተሠራ ይሁን። ስታስገባው እግሩ እጅህን ትንሽ መታገል አለበት፤ ስትገለብጠው በራሱ ክብደት መውጣት የለበትም። የላላ ሶኬት ካለህ ደግሞ እግሩን ከማወፈር ይልቅ መያዣውን አጥብቅ። ብዙዎቹ ሶኬቶች ከኋላቸው ተፈተው ውስጣቸው ያለው ቅጠል በቀጭን መርፌ ቀና ይደረጋል። ይህን ስታደርግ ድንጋዮቹ ወጥተው ይሁን። እና በዚህ ዕድሜህ መሣሪያ ፈትተህ ስለምትጠይቅ ደስ ብሎኛል፤ መነጽር ግን ሳታደርግ ሃሎጅን አትሞክር።

ጥያቄ፦ «1185 የሚባለውን የዌልች አሊን ኩባንያ አምፖል በዘጠኝ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ድንጋይ እጠቀም ነበር። ለወራት ያለ ችግር ሠራ። ከዚያ የኋላው ሞላ ኃይል ይበላል ሲሉ ሰማሁና ኤሌክትሪኩ እንዲያልፍበት በወፍራም የመዳብ ሽቦ ደገፍኩት። የማብሪያ ማጥፊያውንም መነካኪያ በብርጭቆ ወረቀት አጸዳሁ። ድንጋዮቹን ቻርጅ አድርጌ ወዲያው ሳበራ ሰማያዊ ብልጭታ ታየና አምፖሉ ተቃጠለ። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። አምፖሎቹ ሐሰተኛ ናቸው?»

መልስ፦ አምፖሎቹን አይውቀሱ። ያጸዱት የኤሌክትሪክ መተላለፊያ ነው ቮልቱን ያለ ቅናሽ ያደረሰላቸው።

እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ያ አምፖል የተሠራው ለ10.8 ቮልት ነው። በዚያ ቮልት 3.35 አምፔር ይስባል። የድሮው ሞላዎና የቆሸሸው መነካኪያ ተደምረው 0.15 ኦም ነበሩ እንበል (ኦም ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚገታው ነገር መለኪያ ነው)። 3.35 በ0.15 ሲባዛ ግማሽ ቮልት ነው። ያ ግማሽ ቮልት በፊት በመንገድ ላይ ይቀር ነበር። አሁን ሙሉው አምፖሉ ጋ ይደርሳል።

ግማሽ ቮልት ከ10.8 ላይ 5 በመቶ ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ባለክር አምፖል በቮልት አይቀለድበትም። ቮልቱ 5 በመቶ ሲጨምር ብርሃኑ 18 በመቶ ያህል ያድጋል፤ ዕድሜው ግን ወደ ግማሽ ይወርዳል። 10 በመቶ ሲጨምር ብርሃኑ ከሲሶ በላይ ይጨምራል፤ ዕድሜው ከሲሶ በታች ይሆናል። ኃይለኛ የእጅ ባትሪ የሚሠሩ ሰዎች ደግሞ አምፖሉን ቀድሞውኑ ከልኩ በላይ ነው የሚነዱት። ተንግስተን በ3422 ዲግሪ ይቀልጣል። ከልኩ በላይ የተነዳ ክር ወደዚያ እየተጠጋ ነው የሚሠራው። ጠርዙ ላይ ላለ ክር ግማሽ ቮልት ብዙ ነው።

ሁለተኛው ነገር ድንጋዮቹ ናቸው። የኒኬል ድንጋይ በስሙ 1.2 ቮልት ነው፤ ዘጠኙ 10.8 ይሆናሉ። ከቻርጀር ገና ሲወጣ ግን አንዱ ከ1.4 ቮልት በላይ ነው። ዘጠኙ 12.6 ቮልት አለፉ ማለት ነው። ሥራ ሲጀምሩ ይወርዳል፣ ግን እስኪወርድ ያለችው ቅጽበት ናት ክሩን የምትበጥሰው። እና ክሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ኤሌክትሪክን የሚገታበት ኦም ሲግል ካለው አንድ አሥረኛ ያህል ወይም ከዚያም በታች ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚገባው አምፔር ከተለመደው ብዙ እጥፍ ይሆናል። አምፖል ብዙ ጊዜ ገና ሲበራ የሚቃጠለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ሞላውን ይመልሱት? አልመክርዎትም። ዝገት የሚሰጠው ጥበቃ አይታመንም። ዛሬ 0.15 ኦም ከሆነ ነገ ሞቆ 0.3 ይሆናል፣ ከነገ ወዲያ መያዣውን ያቀልጣል። ንጹሑን መንገድ ይተዉትና ሌላውን ያስተካክሉ። ድንጋዮቹ ከቻርጀር ከወጡ በኋላ ጥቂት ሰዓት ይረፉ። ከዚያ ኤንቲሲ ቴርሚስተር የሚባለውን ክፍል በመስመሩ ላይ ያስገቡ። ቀዝቃዛ ሲሆን አምፔሩን ይገድባል፤ ሲሞቅ ያሳልፋል። አምፖሉ በሚስበው አምፔር ልክ የተሠራ ይምረጡ። ትንሽ ኃይል ይበላል፣ ግን የመጀመሪያዋን ቅጽበት ያሻግርዎታል። ቀስ አድርጎ የሚያበራ ኤሌክትሮኒክ ማብሪያ ካገኙ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል።

ከሁሉም በፊት ግን መለካት። ብዙ ሰው ድንጋዮቹን ባዶአቸውን ለክቶ ይጽፍልኛል። ያ ቁጥር ብዙ አይነግረኝም። የምፈልገው አምፖሉ በርቶ እያለ በሁለቱ እግሮቹ መሃል ያለውን ቮልት ነው። የመልቲሜትሩን ሁለት ሽቦዎች ከሶኬቱ ጀርባ ያስነኩ፣ መነጽር ያድርጉ፣ አጭር ጊዜ አብርተው ያንብቡ። ያንን ቁጥር ቢልኩልኝ አምፖልዎ ስንት ቀን እንደሚኖር ባይሆንም የሚኖር መሆን አለመሆኑን እነግርዎታለሁ።

ጥያቄ፦ «ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ኤልኢዲ አለ አይደል?»

መልስ፦ አለ፤ ለዕለት ሥራ እኔም የምይዘው እሱን ነው። ኤልኢዲ ለአንድ ዋት ከ100 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) በላይ ይሰጣል። ሃሎጅን ጎበዝ ከሆነ 30 ገደማ ነው። የቀረው ሙቀት ነው። በቁጠባ ክርክር ባለክር አምፖል ከተሸነፈ ቆይቷል።

እኔ የምወደው ቀለሙን ነው። የጋለ ክር የሚያወጣው ብርሃን ከቀይ እስከ ሰማያዊ ሳይቆራረጥ የተያያዘ ነው። ቀለምን በትክክል ማሳየት በሚለካበት መለኪያ 100 የሚባለው እንዲህ ያለው ብርሃን ነው። በሌሊት ዛፍ ላይ ቢያበሩት የቅጠሉ አረንጓዴና የግንዱ ቡናማ በደንብ ይለያሉ። ጭስና ጭጋግ ውስጥም ለዓይኔ ይስማማኛል። በእጅዎ የሠሩት መሣሪያ ያንን ብርሃን ሲሰጥዎት ደግሞ ደስታው ሌላ ነው። በዚህ የማይስማማ አንባቢ ካለ አልጣላውም።

ጥያቄ፦ «የእኔ አምፖል ባለቀለበቱ ነው፤ እንደ ፋብሪካው ስለሆነ ምንም ሳልቀይር ገባ። 24 ዋት ያህል ነው። በጣም አበራ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ግን ደበዘዘ። ስፈታው የፕላስቲኩ መቀመጫ ለስልሶ አምፖሉ ወደ ጎን ዘምሟል። ቀለበቱ ልክ ሆኖ ሳለ ለምን?»

መልስ፦ ቀለበቱ የሚነግርዎት ከፍታውን ብቻ ነው። ስለ ቮልቱና ስለ አምፔሩ ምንም አይነግርዎትም። ፒአር የሚባሉትን የታወቁ ባለቀለበት የእጅ ባትሪ አምፖሎች ይመልከቱ። ፒአር 2 ለሁለት ድንጋይ ነው፣ 2.38 ቮልት። ፒአር 3 ለሦስት ነው፣ 3.57 ቮልት። ፒአር 13 ለአራት ነው፣ 4.75 ቮልት። የሦስቱም ቀለበት አንድ ዓይነት ነው፤ አንዱ በሌላው ቦታ ያለ ችግር ይገባል። ፒአር 2ን አራት ድንጋይ ላይ ቢያስገቡ ግን ወዲያው ይቃጠላል።

ሦስቱም የሚስቡት ግማሽ አምፔር ነው። መቀመጫዎም የተሠራው ለዚያ ያህል ነው። አዲሱ አምፖልዎ 4 አምፔር ያህል ይስባል። ስምንት እጥፍ ማለት ነው። መገናኛ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት ግን በአምፔሩ ልክ አይደለም የሚያድገው፤ አምፔሩ በራሱ ተባዝቶ ነው። ስምንት በስምንት 64። በፋብሪካው አምፖል የማይሰማ የነበረ ሙቀት አሁን 64 እጥፍ ሆኗል። በዚያ ላይ የአምፖሉ የራሱ ሙቀት አለ። ፕላስቲኩ ቢለሰልስ ምን ይገርማል።

አምፖሉ ሥር ያለችውን የሶልደር ነጥብም ይዩ። የቆርቆሮና የእርሳስ ሶልደር በ183 ዲግሪ መቅለጥ ይጀምራል። የሞላው ጫፍ ጋል ባለች ነጥብ ላይ ተጭኖ ከቆየ ይሰምጥባታል፣ መነካካቱም ይላላል። ነጥቧ መሃል ጉድጓድ ካዩ ምልክቱ እሱ ነው። የሚቀይሩት መቀመጫ ከብረት ወይም ከሴራሚክ ይሁን፤ ሞላውን በመዳብ ይደግፉት፤ የፕላስቲክ አንጸባራቂና የፕላስቲክ መስታወት ካለም አሁኑኑ ያውጡት። ፊቱን ጠረጴዛ ላይ ደፍተው ደግሞ አያብሩ። ሙቀቱ የሚወጣው በፊቱ በኩል ስለሆነ ከመስታወቱ ፊት የሚሸፍነው ነገር መኖር የለበትም።

ጥያቄ፦ «የሃሎጅን አምፖሌ ብርጭቆ ከውስጥ ጠቆረ። በእጄ ነክቼው ስለነበር ይሆን? ድንጋዮቹን ለመቆጠብ በስድስት ፋንታ በአራት ነው የምጠቀመው።»

መልስ፦ የጣት ቅባት ጉዳቱ ከውጭ ነው። ብርጭቆው ኳርትዝ ነው። ቅባቱ ሲግል ነጭ ጠባሳ ይተዋል፤ ያ ቦታ ይደክማል፣ አንዳንዴም ያብጣል። ስለዚህ በጨርቅ ይያዙት፤ ከነኩትም ቀዝቅዞ እያለ በአልኮል ይጥረጉት።

ከውስጥ የሚመጣው ጥቁረት ግን ቁጠባዎ ያመጣው ነው። ከጋለ ክር ተንግስተን እየተነነ ብርጭቆው ላይ ይቀመጣል። ይህን ጥቁረት ለማስቀረት ነው ሃሎጅን የተጨመረው። በጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ኤልመር ፍሪድሪክና ኤመት ዋይሊ በ1959 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኙበት አምፖል አዮዲን ነበረው። አዮዲኑ የተነነውን ተንግስተን ከብርጭቆው ላይ አንስቶ ወደ ክሩ ይመልሰዋል። ይህ የሚሆነው ግን ብርጭቆው 250 ዲግሪ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ሲሞቅ ነው። በአራት ድንጋይ ሲያበሩት ያንን ሙቀት አይደርስም። ተንግስተኑ ይቀመጣል፣ የሚያነሳው የለም።

ጥቁረቱ ገና ስስ ከሆነ አምፖሉን በትክክለኛው ቮልት ለጥቂት ደቂቃ ያብሩት፤ ሲጠራ ሊያዩት ይችላሉ። ካልጠራ ይቀይሩት። ብርሃን መቀነስ የሚፈልጉ ከሆነም ይህንን አምፖል ከማስራብ ለአራት ድንጋይ የተሠራ ሌላ አምፖል ይግጠሙ። ሲገጥሙት የክሩን ከፍታ ከድሮው ጋር ያስተያዩ፤ ሁለቱ እኩል የመሆናቸው ዕድል ትንሽ ነው።